የአክስቴ ሱፍ ቢሮ ይገባል ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ የ28 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሕግ ክፍል እሠራለሁ። አምና ያረፈችው አክስቴ የንጉሡ ጊዜ የቢሮ ልብሶቿን በሻንጣ ትታልኛለች። ፒያሳ ያሰፋችው ቡናማ ሱፍ ከነጉርዱ፣ ከምሥራቅ ጀርመን ያመጣችው ትከሻው ሰፊ የሆነ አረንጓዴ ሱፍ፣ እና አንገቱ ላይ በጥብጣብ የሚታሰር ክሬም ሸሚዝ ናቸው። አረንጓዴውን ከነሸሚዙ ለብሼ ብሄድ ‹ዛሬ ቀረጻ አለሽ እንዴ?› እያሉ ሙድ ያዙብኝ። አለቃዬ ምንም አላለም፤ ግን ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔ ደግሞ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ሰልችቶኛል። ራሴን የምመስልበት አለባበስ እፈልጋለሁ። እንዳሉ ልልበሳቸው ወይስ አዘምኜ ላሰፋቸው? ሰፊው የአረንጓዴውን ትከሻ ላጥብበው ብሎኛል። የናፍታሊኑ ሽታስ እንዴት ይለቃል? ከሰልባጅ ተመሳሳይ ልብስ ልጨምርበት?»

አረንጓዴው የንጉሡ ጊዜ ልብስ አይደለም። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የኛ ሰው ለትምህርትና ለሥልጠና በብዛት ወደ ምሥራቅ ጀርመን መሄድ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ትከሻውም ይመሰክራል። የሴት ጃኬት ትከሻ በስፖንጅ ተነፍቶ የገነነው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ ሁለተኛ በ1980ዎቹ። ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1949 ስለሆነ የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም። በእኛ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1982 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሰፋ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ውስጡ ያለውን ምልክት ተመልከቺ። ‹ሜድ ኢን ጂዲአር› (በምሥራቅ ጀርመን የተሠራ) ካለ ነገሩ አለቀ። ያቺ አገር እ.ኤ.አ. በ1990 ከምዕራቡ ጋር ተዋሕዳ ስሟ ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የተሰፋ ልብስ የለም።

ይህን የምልሽ ታሪክ ላስተምርሽ አይደለም። ልብሱ የተሰፋበት ጊዜ ጨርቁን ይነግረናል፤ ጨርቁ ደግሞ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚተኮስ፣ ሰፊ ምን ያህል ሊነካካው እንደሚችል ይወስናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያሳሳተን ደግሞ ቋንቋችን ነው። ሱፍ ስንል የበግ ጠጉር ማለታችን ነው። ኮትና ሱሪ ወይም ኮትና ጉርድ አብሮ ሲሰፋም ሱፍ እንላለን። (ለጾም የምንፈተፍተውን ሳልቆጥር።) ስሙ ከጨርቁ ወደ ልብሱ ዞረ፣ ጨርቁ ተለወጠ፣ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ «የአክስቴ ሱፍ» ስትዪኝ ከምን እንደተሠራ ገና አልነገርሽኝም።

ምሥራቅ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1969 የአገራቸውን 20ኛ ዓመት ሲያከብሩ ‹ፕሬዘንት 20› የሚባል የፖሊስተር ጨርቅ አወጡ። ፕሬዘንት ስጦታ ማለት ነው። አይጨማደድም፣ ካውያ አያስፈልገውም፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል ተብሎ ተወራለት። እውነትም አይጨማደድም። ግን አያስተነፍስም፤ የለበሰውን ሰው ላብ በላብ ያደርገዋል። ሱፉም፣ ቀሚሱም፣ ሱሪውም ከሱ ይሰፋ ነበር። የአክስትሽ ጃኬት ምልክት ላይ ይህን ስም ብታገኚ አይግረምሽ። ባይኖርም እንኳ ከዚያ አገር ከመጣና ከዚያ ዘመን ከሆነ ፖሊስተር፣ ወይም ፖሊስተር የተቀላቀለበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

መለየት ቀላል ነው። ጃኬቱን ገልብጪውና ከስፌቱ ትርፍ ላይ አንዲት ክር በመርፌ ሳቢ። በወረንጦ ይዘሽ፣ ከሥር የሸክላ ሳህን አድርገሽ ክብሪት ጫሪባት። የበግ ጠጉር ከሆነ ቶሎ አይያያዝም፣ እሳቱን ስታርቂው ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አመዱን በሁለት ጣትሽ ብታሺው ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ክሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር ጠብታ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ በጥፍርሽ ብትጫኚው አይፈርስም። ፀጉር ፀጉር እየሸተተ ጠብታም ከቀረ ድብልቅ ነው። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ካረፈ ክፉኛ ስለሚያቃጥል ክሩን በእጅሽ እንዳትይዢው። ጋዝ ምድጃ አጠገብም አትሞክሪው።

አሁን ወደ ቢሮሽ ልምጣ። ሰዎቹ ሙድ የያዙብሽ ልብሱ አሮጌ ስለሆነ አይመስለኝም። ከአንገት እስከ ጉልበት አንድ ዘመን ለብሰሽ ስለገባሽ ነው። ሰፊ ትከሻ፣ የሚታሰር አንገት፣ አረንጓዴ ከነጉርዱ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ዓይን የሚያየው አንቺን አይደለም፣ የደርግ ጊዜ ጽሕፈት ቤትን ነው። የታይፕ ማሽን ብቻ ነው የቀረው። «ቀረጻ አለሽ?» ያለሽ ሰው ክፉ ቢሆንም ዓይኑ አልተሳሳተም።

«ራሴን የምመስልበት» ያልሽውም ላይ ሳልስማማ አልቀርም። የአክስትሽን ልብስ አክስትሽ እንደለበሰችው አድርገሽ ብትለብሺ የምትመስይው አክስትሽን ነው። እሷ ደግሞ በጊዜዋ የድሮ ልብስ የለበሰች ሴት አልነበረችም። ያ ጃኬት በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ምናልባትም ቢሮዋ ውስጥ «ፈረንጅ ሆነሻል» ያላት ሰው ይኖራል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሊቀርብ ሲል ተማሪዎች ተቃውመው ወጥተው ትልቅ ረብሻ ተነስቷል። አጭር ቀሚስና የውጭ ፋሽን የእኛን ባህል ያጠፋል የሚለው አንዱ ቁጣቸው ነበር። ያኔ ‹የእኛ አይደለም› ተብሎ የተጮኸበት አለባበስ ዛሬ በእናቶቻችን የፎቶ አልበም ውስጥ ‹የድሮው ዝነጣ› ተብሎ ይናፈቃል። ስለዚህ እውነተኛነቱን ከልብሱ ዕድሜም፣ ከመጣበት አገርም አትፈልጊው። ከዚያ ሻንጣ ውስጥ አንቺን የሚሆነው የትኛው ነው? ለሰውነትሽ፣ ለሥራሽ፣ ለምትሄጂበት ታክሲ፣ ለምትቀመጪበት ወንበር? ሥራው እሱን መምረጥ ነው።

እኔ ብሆን የምመርጠው ቡናማውን ነው። ሳላየው ይህን የምለው በምክንያት ነው። ፒያሳ የተሰፋ ሱፍ ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ነው። የፋብሪካ ልብስ ስፌቱ ውስጥ የሚቀርለት ትርፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የድሮ ሰፊ ግን ደንበኛው ነገ ሊወፍር፣ ደንበኛዋም ልትወልድ እንደምትችል ያውቃል። በጎንና በጎን፣ በጀርባው መሃል፣ በጉርዱ ወገብ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያስቀራል። እኔን ስፌት ያሠለጠኑኝ ሰውዬ «ጨርቁ የሷ ነው፣ ምን አገባኝና እቆርጠዋለሁ?» ይሉ ነበር። ገበሩን ከታች በኩል ትንሽ አስፈትተሽ ትርፉን አስለኪ። በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ካለ፣ አንዱ ስፌት የሚያገናኘው ሁለት ጨርቅ ስለሆነ፣ ለአዲሱ ስፌት የሚቀረው ተቀንሶ ዙሪያውን ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሊለቀቅልሽ ይችላል። ይህ ሙሉ አንድ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል።

ስታስለቅቂ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። የድሮው ስፌት መስመር ይታያል። ውጭ የነበረው ጨርቅ በፀሐይ ለቋል፣ ውስጥ የነበረው አልለቀቀም። የመርፌ ቀዳዳም አለ። የበግ ጠጉር ከሆነ ቀዳዳው በእንፋሎትና በብሩሽ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ፖሊስተር ከሆነ አይዘጋም፤ ዕድሜ ልኩን እንደ ጉንዳን መንገድ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ጉርዱ ዘርፍ ላይ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አስፈትተሽ እይ። ከዚያ በኋላ ነው ጎኑ የሚነካው።

የአረንጓዴውን ትከሻ አታስጠብቢ። ሰፊሽ ቀና ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን «ትከሻ ላጥብብ» ማለት «ቤቱ እንዳለ ሆኖ መሠረቱን ላንሳው» እንደማለት ነው። ጃኬት የሚንጠለጠለው ትከሻ ላይ ነው። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ደረቱ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። ትከሻውን ለማጥበብ እጅጌው መነቀል አለበት፣ ክንድ የሚገባበት ቀዳዳ እንደገና መቆረጥ አለበት፣ እጅጌው ራሱም ለአዲሱ ቀዳዳ መቀነስ አለበት። የዚያ ዘመን ጃኬት ደግሞ ብብቱ ጥልቅ ነው። ትከሻው ጠቦ ብብቱ ጥልቅ ሆኖ ሲቀር እጅሽን ባነሳሽ ቁጥር ጃኬቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ከመደርደሪያ ላይ ፋይል ማውረድ አትችይም። ኪሶቹም ከተጠበበው ትከሻ ጋር ሲታዩ ወደ ታች የወረዱ ይመስላሉ።

«ታዲያ ስፖንጁን ላውጣው» የሚል ሐሳብ ይመጣልሻል። እሱንም አውቀዋለሁ፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ደንበኛ የእናቷን ጃኬት አመጣችልኝ። ስፖንጁን አስወጪልኝ አለች፣ በአምስት ደቂቃ አወጣሁት። ስትለብሰው ትከሻው ዝርግት ብሎ ወደቀ። አየር እንደወጣለት ኳስ። ጀርባው ላይ እጥፋት ሞላ፣ ኮሌታው ከአንገቷ ራቀ። ያኔ ነው የገባኝ፣ ጨርቁ ሲቆረጥ ገና ለስፖንጁ ቦታ ተለክቶለት ነበር። ስፖንጁ ጌጥ አልነበረም። በግማሽ ቀጭን የሆነ ሌላ ስፖንጅ እስካስገባለት ድረስ አንድ ሳምንት ስጨነቅ ከረምኩ። አሁን ሁልጊዜ የማደርገው እሱን ነው። የድሮው ይወጣል፣ ግማሽ ውፍረት ያለው ይገባል፣ ቋሚ ስፌት ሳይሰፋ በእጅ ይወሰወስና ይለካል። የትከሻው ስፌት ከትከሻሽ አጥንት ጫፍ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ በዚህ መንገድ ይስተካከላል። አራት ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ተዪው። ያ ጃኬት ያንቺ አይደለም። ለታላቅ እህት ወይም ለሌላ ዘመድ ስጪው፤ ወይም ለማስታወሻ ይቀመጥ።

ሌላም አደጋ አለው። የፋብሪካ ጃኬቶች ደረታቸው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከውስጥ በሙጫ የተለጠፈ ማጠንከሪያ ስላላቸው ነው። ሙጫው ሲያረጅ በቦታ በቦታ ይለቃል፤ ደረቱ ላይ የውሃ አረፋ የመሰለ ነገር ይነሳል። በጣትሽ የላዩን ጨርቅ ቆንጥጠሽ ከሥሩ ካለው ለየት አድርጊው። በቀላሉ የሚለያዩ ከሆነና በመሃል ሌላ ጨርቅ ለብቻው ከተሰማሽ በክር የተሰፋ ነው፤ ደህና ነው። ካልተለያዩ የተለጠፈ ነው። በተለጠፈ ጃኬት ላይ በጣም የጋለ ካውያም ሆነ ኃይለኛ እንፋሎት አይደረግም። አረፋው አንዴ ከተነሳ ደግሞ በደህና ሁኔታ የሚመልሰው ሰፊ አላየሁም። ቡናማውም በዚሁ ይፈተሽ፤ የእጅ ሥራ ከሆነ ግን በክር የተያዘ የመሆን ዕድሉ ብዙ ነው።

ሽታው። ናፍታሊን ጠጣር ሆኖ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ወደ አየር የሚለወጥ ነገር ነው። የሚለቀውም በአየር ነው። ልብሶቹን ገልብጠሽ፣ በሰፊ መስቀያ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ስቀያቸው። በረንዳ ይሆናል። ፀሐይ ላይ አይሰጡም፤ ቀለማቸው ይበላል፣ በተለይ ትከሻቸው። አንድ ቀን አይበቃም። አሥር ቀንም ሊፈጅ ይችላል። ሽቶ አትርጪ፤ ናፍታሊንና ሽቶ ሲቀላቀል ከሁለቱም የባሰ ሦስተኛ ሽታ ይወጣል። ቤት ውስጥ ጨቅላ ሕፃን ካለ ደግሞ ልብሱን ሕፃኑ ከሚተኛበት ክፍል አርቂው። አንዳንድ ልጆች በዘር የሚወረስ የደም ችግር ስላላቸው ናፍታሊን ደማቸውን ሊጎዳ ይችላል። በናፍታሊን የተቀመጠ ልብስና ብርድ ልብስ ሳይናፈስ ለሕፃን መልበስ እኛ አገር የተለመደ ነው፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ብሉንም ፈትሺ። ልብስ የሚበላው የሚበርረው አይደለም፤ ትሉ ነው። የሚወደውም የበግ ጠጉር ነው፣ ያውም ላብና ወጥ የነካውን። ኮሌታው ሥር፣ ኪስ ውስጥ፣ የጉርዱ እጥፋት ውስጥ በባትሪ እይ። ትናንሽ ቀዳዳ ወይም የአሸዋ ቅንጣት የሚመስል ነገር ካየሽ ልብሱን በፌስታል ጥቅልል አድርገሽ፣ አየሩን አስወጥተሽ፣ ፍሪጅሽ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጪው። ማቀዝቀዣው 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መድረስ አለበት። ከወጣ በኋላ ፌስታሉን ሳትፈቺ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂ፤ አለበለዚያ እርጥበት ይይዛል። ሥጋና በርበሬ አጠገብ ማስቀመጡ ይቀፋል፤ እኔንም ይቀፈኛል፤ ግን ይሠራል።

ሸሚዙን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ብብቱን እይ። ላብ ቢጫ አድርጎት ከሆነ በረኪና አታስነኪው። በረኪና ሐርንና የበግ ጠጉርን ያቀልጣል፤ ፖሊስተርን ደግሞ ቢጫነቱን ያብሰዋል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ዘፍዝፊው። ካልለቀቀ ከላዩ ሹራብ ወይም ጃኬት ደርበሽ ልበሺው። ሐር ከሆነና ብብቱ ላይ ሲሳብ ሰንጠቅ ሰንጠቅ የሚል ከሆነ ጨርቁ ሞቷል። የሞተ ሐር አይጠገንም።

ሰልባጅ ልጨምር ወይ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው፤ ቢያንስ ዘንድሮ አይሆንም። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ መሆኑን ታውቂያለሽ። የሚገባው በኮንትሮባንድ ነው። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ ከቦንዳ የሚወጣው አብዛኛው ልብስ የድሮ አይደለም። ያለፉት አሥር አሥራ አምስት ዓመታት ርካሽ ልብስ ነው፣ አርጅቶ ሳይሆን ሰልችቶ የተጣለ። ‹ቪንቴጅ› ብሎ የሚሸጥልሽ ልጅ ቃሉን የተማረው ከስልኩ ነው። ከዚህ ይልቅ ዘመዶችሽን ጠይቂ። እኛ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ያልተከፈተ ሻንጣ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ፒያሳ ስትፈርስ ስንት የሰፊ ቤት አብሮ እንደሄደ ሳስብ፣ የነዚያ እጆች ሥራ አሁን ያለው በየሰዉ ሻንጣ ውስጥ ነው።

ውጭ ያሉ ዘመዶችሽ ‹እዚህ ከአሮጌ ልብስ ቤት እንላክልሽ› ካሉሽ ቁጥሩን አትመኚ። የአሜሪካ ቁጥር ባለፉት ስልሳ ዓመታት እየሰፋ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 12 ቁጥር የነበረ ቀሚስ ከዛሬው 12 በጣም ይጠባል። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና የትከሻ ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክተው ይንገሩሽ። ከዚያ የራስሽን ልብስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ አወዳድሪ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ቡናማውን ጃኬት ከጉርዱ ለይው። ጃኬቱን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያው ከሰለቸሽ ጥቁር ሱሪ ጋር ልበሺው። ውስጡ ጌጥ የሌለው ሸሚዝ፣ እግርሽ ላይ ታኮ የሌለው ጫማ። ከአክስትሽ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ጉርዱን በሌላ ቀን፣ ካንቺው ሹራብ ጋር። ሸሚዙን ስትለብሺ ጥብጣቡን አንገትሽ ላይ አትሰሪው፤ ፈትተሽ ወደ ታች ልቀቂው፣ ወይም ደረት ላይ ዝቅ አድርገሽ አንዴ ብቻ ቋጥሪው። አረንጓዴው ቀጭን ስፖንጅ ከገባለት በኋላ ያለ ጉርዱ፣ ቁልፉ ሳይቆለፍ፣ በወር አንዴ ይበቃዋል። ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ በሙቀት ወራት ጭራሽ አታውጪው። ስብሰባ ላይ ላብ በላብ ሆነሽ ስለ ውል አንቀጽ ብታወሪ ማንም አይሰማሽም።

ድርጅትሽ የደንብ ልብስ መመሪያ ካለው ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን አንብቢ። ቀለምና የጉርድ ርዝመት የሚደነግግ አለ። የአለቃሽ ዝምታ ፈቃድም ክልከላም አይደለም። ሰውየው አንዴ ያየው አረንጓዴውን ከነሙሉ ትጥቁ ነው። ቡናማውን ሦስት አራት ጊዜ ሲያይ ደግሞ ያ ያንቺ ጃኬት ይሆናል። ባልደረቦችሽም እንደዚያው። ሰው ሙድ የሚይዘው በአዲስ ነገር ነው፤ አንድ ልብስ አምስተኛ ጊዜ ሲመጣ ወሬ መሆኑ ያበቃል። ከዚያ በፊት የሚጠይቅ ካለ «የአክስቴ ነው፣ ፒያሳ የተሰፋ» በይው። ያን ያለች ሴት ላይ ሙድ መያዝ ይከብዳል።

ልብሱን በጣም ከወደድሽው ሁለተኛ ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ቡናማውን ሳይፈታ ቅዱን ያስገለብጡታል። ጎበዝ ሰፊ ጃኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ስፌት ስፌቱን በመርፌ እየወጋ ወረቀት ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በአንቺ ልክ፣ በአዲስ ጨርቅ ይሰፋል። ስትመርጪ የበግ ጠጉር ያለበት፣ ቀለል ያለ ጨርቅ ይሁን። መጀመሪያ በአቡጀዲ አሰፍተሽ ልኪው፤ ውዱ ጨርቅ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ። ሰፊው ‹አቡጀዲ ለምን?› ካለሽ ሌላ ሰፊ ፈልጊ። ይህን ካደረግሽ የአክስትሽ ጃኬት ሳይጎዳ ይቀመጣል፣ አንቺም በየቀኑ የምትለብሺው ይኖርሻል።

ላውንደሪ ከመስጠትሽ በፊት ቁልፎቹን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍኚያቸው ወይም አስነቅያቸው፤ የድሮ ቁልፍ በኬሚካል ሊሰነጠቅ ወይም ሊቀልጥ ይችላል፣ መተኪያውም አይገኝም። ኪሶቹንም በሙሉ ፈትሺ። የጃኬቱን የውስጥ ኪስ ገልብጠሽ ስፌቱ አጠገብ እይ። አንዳንድ የፒያሳ ሰፊዎች እዚያ ቦታ ላይ የደንበኛውን ስምና ቀን በትንሽ ጨርቅ ጽፈው ይሰፉ ነበር፤ በሥራዬ ሁለቴ አጋጥሞኛል። አንዱ በቀይ ክር የተሰፋ ነበር። ካገኘሽ የቡናማውን ዘመን እኔን መጠየቅ አያስፈልግሽም።